«ባዶ ነው» የተባለው ዲስክ



የእህቴ ሠርግ የተቀረጸው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ዲቪዲ አርደብሊው ላይ። የአባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ምርቃቱ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሰሞኑን አዲ አርቃይ ቤቴ ሆኜ ኤዲት ላደርገው ኮምፒውተር ውስጥ ብከተው፣ «ባዶ ነው፣ ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። ክው አልኩ።

ነገሩ ታሪክ አለው። ዲቪዲ መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ጃፓን ውስጥ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በ1999 ፓዮኒር እየተፋቀ ደግሞ የሚቀዳበትን ዲስክ የሚጠቀም መቅረጫ እዚያው አወጣ። ሐሳቡ የቪኤችኤስ ካሴትን መተካት ነበር። ካሴት ግን ቀድተህ አውጥተህ የትም ታጫውተዋለህ። ዲስክ ቀድተህ ስትጨርስ «ፋይናላይዝ» ካልተደረገ፣ ማውጫው ስላልተዘጋ ብዙ ጊዜ ከቀዳው ማሽን በቀር የሚያነበው የለም።

ደግነቱ ደባርቅ ያለው ካሜራ ማን ያንን አሮጌ መቅረጫ አልጣለውም፤ ዘጋልኝ። ቀጥሎ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ በ1 ጊጋባይት የተቆራረጡትን የቪኦቢ ፋይሎች አልቀበልም አለ። ፎልደሩን እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ፣ በነፃው ሃንድብሬክ ወደ ኤምፒ4 ቀየርኩት።

ማታ አባቴ መረቀን።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ዲስክ ካለ፣ «ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ እምቢ በሉ። የሚፋቅ ነገር ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።