ለሠራተኛ ልጆች የተከፈተ በር

እ.ኤ.አ. በ1848 ከስኮትላንድ ደንፈርምሊን ከተማ አንድ የሸማኔ ቤተሰብ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ የአባትየውን የዊልያም ካርኔጊን የእጅ ሥራ ገበያ አሳጥቶታል። ለመንገዱ የጎደላቸውን 20 ፓውንድ ያበደረቻቸው የእናትየው ወዳጅ ነበረች።

ፔንስልቬንያ ውስጥ አሌጌኒ በምትባል ከተማ ዘመድ ተጠግተው ኑሮ ጀመሩ። እናትየው ማርጋሬት እስከ ሌሊት ጫማ ትሰፋለች፤ ትንሹ ቶም አጠገቧ ተቀምጦ በመርፌው ክር ያስገባላታል። የ13 ዓመቱ አንድሩ ደግሞ በጥጥ ፋብሪካ ቀሰም ቀያሪ ሆነ። በክረምት ሳይነጋ ገብቶ ከመሸ ይወጣል። ደመወዙ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነበር።

በኋላ የቴሌግራፍ መልእክተኛ ሆነ። በከተማዋ ኮሎኔል ጄምስ አንደርሰን የሚባሉ ሰው 400 ያህል መጻሕፍታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች ያውሱ ነበር። መጽሐፍ መግዛት ለማይችለው ስደተኛ ልጅ ትምህርት ቤቱ ይህ ሆነ። ቤተ መጻሕፍቱ ሲሰፋ ግን በነጻ የሚገቡት በውል ሙያ የሚማሩ ብቻ ናቸው፣ ሌላው 2 ዶላር ይክፈል ተባለ። አንድሩ በ1853 ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ተከራከረ፤ ተፈቀደለትም።

ይህ ልጅ አድጎ የብረት ኢንዱስትሪ ባለጸጋ ሆነ። በገንዘቡ በልዩ ልዩ አገሮች 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠሩ። ለአንደርሰንም መታሰቢያ ሐውልት አቆመላቸው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። በ1892 ግን ሆምስቴድ ባለው ፋብሪካው የደመወዝ ቅነሳን የተቃወሙ ሠራተኞች በሩ ተዘጋባቸው፤ ከተቀጠሩ ታጣቂዎች ጋር በተደረገው ግጭት ሰዎች ሞቱ። ካርኔጊ ያኔ ስኮትላንድ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን ግን ደግፏል። የሠራተኞቹ ማኅበር ተሰበረ፣ የ12 ሰዓት ሥራም ቀጠለ። በ1898 ለሆምስቴድ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላት። ይሁንና 12 ሰዓት እሳት ፊት የቆመ ሰው መጽሐፍ የሚገልጥበትን ጉልበት ከየት ያመጣል?

ወጣቶች ሆይ፣ ድህነትን ማለፍ ብቻውን ሰውን ርኅሩኅ አያደርግም። አንድሩ የተከፈተለትን በር አስታወሰ፤ የአባቱ ድካም ዋጋ ያጣበትን ቀን ግን በሌሎች አባቶች ላይ ደገመው። እስራኤላውያንም በግብፅ እንግዶች እንደነበሩ ደጋግሞ የተነገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጠገበ ሰው ቶሎ ይረሳል። ነገ አሠሪ ስንሆን የምንሰጠው ስጦታ ብቻ ሳይሆን የምንከፍለው ደመወዝም ይመሰክርብናል።