የላ ፕላታዋ አያት

ሩሲያዊ ልጅ አያቱን «ባቡሽካ» ይላል፤ ሶማሌው «አዬዮ»፣ ኦሮሞው «አኮ»፣ ስፔንኛ ተናጋሪው ደግሞ «አቡኤላ»። ይህ የመጨረሻው ስም በአርጀንቲና ከጓዳ ወጥቶ አደባባይ ዋለ፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 22 ቀንም ይታሰባል።

ዳራው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1976 በጄኔራል ቪዴላ የሚመራ ወታደራዊ ጁንታ ሥልጣን ያዘ። እስከ 1983 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታፍነው ደብዛቸው ጠፋ። ነፍሰ ጡር እስረኞች ከወለዱ በኋላ ተገደሉ፤ ሕፃናቱ በሐሰተኛ ሰነድ ለሌላ ቤተሰብ ተሰጡ። በ1977 አሥራ ሁለት ሴቶች «የፕላሳ ዴ ማዮ አያቶች» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የተወሰዱትን ልጆች 500 ገደማ ያደርሷቸዋል። በቦነስ አይረስ ካፌዎች ልደት የሚያከብሩ መስለው እየተሰበሰቡ መረጃ ይለዋወጡ ነበር።

ከመሥራቾቹ አንዷ ቺቻ ማሪያኒ በላ ፕላታ ከተማ የሥነ ጥበብ ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ኖቬምበር 24 ቀን 1976 ወታደርና ፖሊስ የልጃቸውን ቤት ከበው ለሰዓታት በከባድ መሣሪያ ደበደቡት። ከቤቱ ጀርባ፣ በጥንቸል ሥጋ ዝግጅት ሽፋን፣ ጁንታውን የሚዋጋው የሞንቶኔሮስ ድርጅት ኅቡዕ ማተሚያ ነበር። ምራታቸው ዲያና ቴሩጂ ከጓዶቿ ጋር ተገደለች። ልጃቸው ዳንኤል በሰዓቱ ቤት ስላልነበረ ቢተርፍም በዓመቱ እሱም ተገደለ።

የሦስት ወሯ የልጅ ልጃቸው ክላራ አናኢስ? አይደለም፣ ክላራ አናኢ የት ደረሰች? ፖሊስ ከእናቷ ጋር ተቃጥላለች አለ። ቺቻ አላመኑም። የሕፃኗ አስከሬን ለቤተሰቡ አልተሰጠም፤ ጁንታው ከወደቀ በኋላም በሕይወት ከቤቱ ስትወጣ አየን ያሉ ምስክሮች ችሎት ፊት ቀረቡ። ቤቱን የደበደበው ወገን የሰጠውን ቃል ከምስክሮቹ ቃል ጋር ለሚመዝን ሰው ሚዛኑ ወደ አያቲቱ ያደላል።

ግን እናትና አባት በሌሉበት የአያትና የልጅ ልጅ ሥጋ ዝምድና በምን ይረጋገጣል? አያቶቹ ይህን ጥያቄ ይዘው ባሕር ማዶ ያሉ ሳይንቲስቶችን ደጅ ጠኑ። በ1984 የበርክሌይዋ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ከባልደረቦቿ ጋር ስሌቱን አበጀች፤ «የአያትነት መለኪያ» ተባለ። በዚያው ዓመት የስምንት ዓመቷ ፓውላ ሎጋሬስ በደም ምርመራ ማስረጃ ለአያቷ ተመለሰች። በ1987 ብሔራዊ የዘረመል ባንክ በሕግ ተቋቋመ። አያቶቹ እነሱ ቢያልፉ እንኳ የልጅ ልጆቻቸው ዘራቸውን ያገኙ ዘንድ ደማቸውን እዚያ አኖሩ። ለልጅ እንዲህ ያለ ውርስ የተወ ትውልድ ከዚያ በፊት አልነበረም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ቺቻ በ1989 ከማኅበሩ ወጥተው ፍለጋውን በራሳቸው ቀጠሉ። በ2015 ገና ሰሞን ክላራ ነኝ ያለች ሴት መጣች፤ ባንኩ ግን ዝምድና የላቸውም አለ። ቺቻ በ2018 በ94 ዓመታቸው አረፉ።

አያቶቹ የፎረንሲክ ባለሙያዎች እንዲመጡላቸውም ወትውተው ነበር። ከዚያ ጥረት በ1984 የበቀለው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በ1990ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም ከጅምላ መቃብር አውጥቷል። አያቶቹም እስካሁን ከ130 በላይ የልጅ ልጆችን ማንነት አረጋግጠዋል። ገና ያልተገኙት ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ጎልማሶች ናቸው፤ ትውልዱን የሚጠራጠር ሁሉ ደሙን አስመርምሮ ባንኩ ካኖረው ጋር ማስተያየት ይችላል።