ነጩ ፒስታ ለምን አስፋልት ሳይለብስ ቀረ?

በፈረንጅ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በሚውል አንድ እሑድ፣ በጣሊያኗ ቶስካና ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ ብስክሌተኛው ይወጣል። የሚለበሰው የሱፍ ማሊያ ነው። ትርፍ ጎማ በትከሻ ላይ በስምንት ቁጥር ተጣልፎ ይታሰራል። ብስክሌቱም የተገኘው ሁሉ አይደለም። እስከ 1987 ድረስ የተሠራ (የእኛ ነው ካልተባለ በቀር ወሩም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፣ የማርሽ መቀየሪያው በመሪው ላይ ሳይሆን ከታች በቱቦው ላይ የተተከለ፣ የፍሬን ሽቦው በግላጭ የሚታይ፣ ፔዳሉ እግርን በጠፍር የሚያስር መሆን አለበት። የዝግጅቱ ስም ሌሮይካ ነው። ረጅሙ መስመር 209 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ብዙው ክፍል በነጭ ጠጠር መንገድ፣ እኛ ፒስታ በምንለው ላይ ይሄዳል።

ዝግጅቱ በ1997 ሲጀመር የመጡት 92 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጠንሳሹ ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ የአካባቢው ሰው ነው። የብሮቺ ዓላማ የአያቶችን ብስክሌት ከጎተራ ማውጣት ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የገጠሩ ፒስታ አንድ በአንድ አስፋልት እየለበሰ ነበርና መንገዱ ራሱ ቅርስ ነው ለማለት ነበር የተነሳው። ተሳካለት። ዛሬ ግራቭል የሚባለው፣ ጎማው ወፈር ያለ፣ ፍሬኑ በዲስክ የሚሠራ ብስክሌት ገበያውን ሲሞላና በ2022 የመጀመሪያው የዓለም ግራቭል ሻምፒዮና እዚያው ጣሊያን ውስጥ በቬኔቶ ሲካሄድ፣ የጋዮሌ ሰዎች ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድመው ነበር።

ስለ ሌሮይካ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሱፍ ማሊያውና ስለ ወይኑ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጥያቄ ነው። ከሀብታም አገር ሀብታም ክፍል በሆነችው ቶስካና፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሲል፣ ይህን ያህል ፒስታ ከየት ተረፈ?

መልሱ ከብስክሌት ታሪክ ውስጥ አይገኝም። ያለው በመሬት ሥሪቱ ውስጥ ነው። ሜዛድሪያ ይባላል፤ የእኩል አራሽነት ነው። መሬቱና ቤቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የገበሬው፣ ምርቱ እኩሌታ ለእኩሌታ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ቶስካናን ያስተዳደረው ይህ ውል አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ገበሬው በመንደር ተሰብስቦ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት መካከል በተሠራ የድንጋይ ቤት ለብቻው ይኖራል። እርሻውና ቤቱ አንድ ላይ ፖዴሬ ይባላሉ። እንግዲህ በየኮረብታው አንድ ቤት ካለ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በሬ የሚጎትተው ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ያስፈልጋል። ካርታ ላይ ሲታይ የሲዬና ገጠር የሸረሪት ድር የሚመስለው ለዚህ ነው። ድሩን የፈተለው ባለጋሪው ነው፤ ብስክሌተኛው የደረሰው በመጨረሻ ነው።

ኑሮው ሥዕሉን አይመስልም ነበር። በቤቱ ውስጥ ካፖቻ የሚባለው አባወራ ያዛል፤ ከካፖቻው በላይ የባለርስቱ ሹም ፋቶሬ ሒሳብ ይይዛል፤ ከሁሉ በላይ ባለርስቱ አለ። ልጅ ለመዳር እንኳ የባለርስቱን ፈቃድ የሚጠይቁ ውሎች ነበሩ። ከጋዮሌ የተነሳ ብስክሌተኛ ገና በጨለማ የሚወጣው የመጀመሪያ ዳገት በጥድ የታጠረው የብሮሊዮ ግንብ መንገድ ነው። የግንቡ ጌታ የነበረው ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ከካቩር ቀጥሎ የተባበረችው ጣሊያን ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1872 የኪያንቲ ወይን ከየትኞቹ የወይን ዓይነቶች እንደሚጠመቅ የጻፈውም እሱ ነው። ሰዎች የብረቱ ባሮን ይሉታል። አራሾቹ ቤታቸውን፣ ሥራቸውንና ጠባያቸውን እንዴት መያዝ እንዳለባቸው ደንብ ያወጣላቸው ነበርና ስያሜው አለቦታው አልገባም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የእኩል ውል መዋዋልን ከለከለ፤ በ1982 ደግሞ የቀሩት ውሎች ወደ ኪራይ እንዲቀየሩ ሌላ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን ከሕዝቡ ኋላ ነው የደረሰው። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት ወጣቱ በሬውን ሸጦ፣ የፖዴሬውን በር ዘግቶ፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ከተማ ነጉዷል። እኛ ዘንድ ጢሰኝነት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ ቀረ፤ እነሱ ዘንድ ቤት ለቤት እየተዘጋ ነው ያለቀው። የመንገዱ ዕጣ የተወሰነው ያኔ ነው። አስፋልት ስጡን ብሎ ማዘጋጃ ቤት የሚሰለፍ ሰው አልነበረም። ሰው ያልቀረበትን ኮረብታ ማን አስፋልት ያለብሰዋል? ዛሬ ብስክሌተኛ የሚሳለመው ነጭ ፒስታ የተረፈው ለፍቅር ተብሎ አይደለም፤ ተረስቶ ነው።

ወደ ጉዞው እንመለስ። ከኪያንቲ ኮረብቶች ወደ ደቡብ ሲወረድ የአርቢያ ወንዝ ሸለቆ ይቀበላል። አርቢያ በጋ ላይ ብዙም የማይታይ ቀጭን ወንዝ ነው፤ ስሙ ግን ከውኃው ይበልጣል። መስከረም 4 ቀን 1260 በዳርቻው ሞንታፔርቲ ላይ የሲዬና ሠራዊት በቁጥር የሚበልጠውን የፊሬንዜን ጦር ደመሰሰው። ዳንቴ በመለኮታዊ ኮሜዲው ስፍራውን ያነሳዋል፤ ሲዬናዎች እስከ ዛሬ ያወሱታል፤ ፊሬንዜዎች ባይነሳባቸው ይመርጣሉ።

ከአርቢያ ወዲያ መሬቱ መልኩን ይቀይራል። ወይኑና ዱሩ ቀርቶ ዛፍ የሌለው፣ ግራጫ፣ የተሸነሸነ ጭቃማ ኮረብታ ይመጣል። ክሬቴ ሴኔዚ ይሉታል። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል የነበረ ሸክላ ነው፤ አልፎ አልፎ የዛጎል ቅሪት ይወጣበታል። በአሻኖ አጠገብ ያለው ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ የሚባለው የፒስታ ክፍል ርዝመቱ 11.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ወጣ ገባው ፋታ አይሰጥም። የመኪና ጎማ የቆረቆረው መንገድ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ተሸንትሮ እጅን ያደነዝዛል። በደረቅ ጊዜ ነጭ አቧራው ይውጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሸክላው ጎማና ፍሬን መካከል ይጠቀጠቅና ቸርኬው አልዞርም ይላል።

አርቢያ ቡኦንኮንቬንቶ ላይ ከኦምብሮኔ ወንዝ ጋር ይገናኛል። በዚህች በግንብ በታጠረች ከተማ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ ሰባተኛ በ1313 ዘውዱንም ጦሩንም ይዞ ሲጓዝ በሕመም ሞቷል። በከተማዋ የሚያልፈው መንገድ ቪያ ፍራንቺጄና የሚባለው፣ ከሰሜን አውሮፓ ወደ ሮም የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ ነው። በ990 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጀሪክ ከሮም ሲመለስ ያደረባቸው ቦታዎች ዝርዝር ተርፏል፤ ሲዬናም አርቢያም ሳን ኲሪኮም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ሺህ ዓመት ያለፈው የአዳር ዝርዝር ዛሬ ለብስክሌት ጉዞ ማቀጃ ማገልገሉ ያስቀኛል።

መንገድና መንግሥት በዚህ አገር ምን ያህል እንደተቆራኙ ለማየት ከብስክሌት ወርዶ ሲዬና ማዘጋጃ ቤት መግባት ይበጃል። አምብሮጆ ሎሬንሴቲ በ1338 እና በ1339 በግድግዳ ላይ የሣለው የመልካም አስተዳደር ሥዕል እዚያ ነው። ከከተማው በር አንድ መንገድ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ገበሬው አህያውን ጭኖ፣ ትከሻው ላይ ነጭ መቀነት ያለውን አሳማ እየነዳ ወደ ከተማ ይወጣል፤ መኳንንቱ ጭልፊት ይዘው ለአደን ይወርዳሉ። ከበላያቸው ፀጥታን የምትወክል ሴት ትበራለች፤ በእጇ የያዘችው ደግሞ ሰው የተሰቀለበት ግንድ ነው። መንገዱ ሰላም የሆነው እንዲሁ እንዳልሆነ ሠዓሊው አልደበቀም።

ከኦምብሮኔ ማዶ የኦርቻ ሸለቆ ነው፤ ዩኔስኮ በ2004 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። በጥድ ታጅቦ ኮረብታውን እየተጥመዘመዘ የሚወጣው፣ በፖስት ካርድ ሁሉ ላይ ያለው ነጭ መንገድ የሚገኘው ላ ፎቼ ከሚባለው ርስት አጠገብ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። ርስቱን በ1924 የገዙት አንቶኒዮና አይሪስ ኦሪጎ የተሸረሸረውን ሸክላ ሲያቀኑ ያሠሩት ነው። በሰኔ 1944 ጦርነቱ ላ ፎቼ ደርሶ፣ አይሪስ ኦሪጎ ያስጠለለቻቸውን ሕፃናት አስከትላ በእግር ወደ ሞንቴፑልቻኖ ወጥታለች፤ ማስታወሻዋ በኋላ መጽሐፍ ሆኗል። ሲዬናን ሐምሌ 3 ቀን 1944 ነፃ ያወጣው የፈረንሳይ ጦር ነበር፤ ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ሞሮኳውያንና አልጄሪያውያን ነበሩ።

በዚያው ጦርነት በቶስካናና በኡምብሪያ መንገዶች ላይ ብስክሌት የሚነዳ አንድ ታዋቂ ሰው ነበር። ጂኖ ባርታሊ በ1914 በፊሬንዜ ዳርቻ ተወለደ። የጣሊያንን ዙር፣ ጂሮ ዲታሊያን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1936 ነው። ያ ዙር ለኛ አንባቢ ሌላ ትርጉም አለው። የተጀመረው ግንቦት 16 ቀን፣ ማለትም የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ወረራው ጣሊያንን ከዓለም ጋር አቃቅሯት ስለነበር የውጭ አገር ተወዳዳሪ አልተካፈለም። የ21 ዓመቱ ወጣት ያሸነፈው የአገሩን ልጆች ብቻ ነበር።

ከ1943 ጀምሮ ባርታሊ ልምምድ እያስመሰለ በፊሬንዜና በአሲሲ መካከል፣ ደርሶ መልስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለተደበቁ አይሁዶች የተዘጋጁ ሐሰተኛ መታወቂያዎችን በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ሸሽጎ ያመላልስ እንደነበር ይነገራል። በሕይወት ሳለ ስለዚህ ማውራት አይወድም ነበር። በ2000 ካረፈ በኋላ በ2013 የእስራኤሉ መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም ከጻድቃን አሕዛብ መካከል ቆጥሮታል። ማስረጃውን የሚጠራጠሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። እኔ ተጠራጣሪዎቹ መጠየቃቸውን አልጠላውም፤ ጀግና ሲበዛ ታሪክ ይሰንፋልና።

ፒስታው ወደ ትልቁ ውድድር የተመለሰው በ2007 ነው። ሌሮይካን ተከትሎ ለባለሙያዎች የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ውድድር ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮሎብኔቭ አሸነፈ፤ ዛሬ ስትራዴ ቢያንኬ፣ ነጮቹ መንገዶች፣ ይባላል። ሦስት ጊዜ ባሸነፈው በስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቼላራ ስም ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ ተሰይሟል። ታዴይ ፖጋቻር በ2024 ለ81 ኪሎ ሜትር ብቻውን ነድቶ ገባ፤ በዓመቱ ደግሞ ወድቆ ተጋግጦ፣ ማሊያው ተቀዶ አሸነፈ። ከሁሉ ግን የማይረሳው የ2010 ጂሮ ወደ ሞንታልቺኖ የሄደበት ዝናባማ ቀን ነው። አሸናፊው ካዴል ኢቫንስ የዓለም ሻምፒዮን ማሊያ ለብሶ ነበር፤ የማሊያው ቀለማት ግን በጭቃው ተውጠዋል።

የአራሾቹ ቤቶችስ? ብዙዎቹ ታድሰው፣ የመዋኛ ገንዳ ተቆፍሮላቸው፣ ለእንግዳ በአዳር ይከራያሉ። የገበሬው የድህነት ምግብ የነበረው፣ ከባቄላ፣ ከጎመንና ከደረቀ ዳቦ ተደጋግሞ የሚፈላው ሪቦሊታ በሌሮይካ ማረፊያዎች ላይ ለብስክሌተኛው ይቀርባል። አሁን ፒስታው አስፋልት እንዳይለብስ የሚከራከረው እንግዳ ተቀባዩ ነው፤ ነጩ መንገድ ገቢው ሆኗልና።

ጥንታዊ ብስክሌት የሌለው ሰው ቅር አይበለው። የ209 ኪሎ ሜትሩ መስመር ቡናማ ምልክት ተተክሎለት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ በማንኛውም ብስክሌት፣ በብዙ ቀን ከፋፍሎ መሄድ ይቻላል። ሚያዝያና ግንቦት ይሻላሉ። ትርፍ ከመነዳሪ መያዝ ግድ ነው፤ ሌሊቱን ዝናብ ካደረ ደግሞ ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬን ለሌላ ቀን ማቆየት።