ሞዛይኩና መንገደኛው፦ የቶተናም ኮርት ሮድ ጣቢያ እድሳት

የለንደኑ ቶተናም ኮርት ሮድ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1900 ሲከፈት አንድ መስመር ብቻ ነበረው። በ1907 ሁለተኛ መስመር ተጨመረለት። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በቀን 150,000 ያህል ሰው የሚተራመስበት ጠባብ አዳራሽ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ኤልዛቤት የተባለው አዲስ መስመር ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር።

ጣቢያው ሌላም ኃላፊነት ነበረበት። ስኮትላንዳዊው ቀራጺ ኤድዋርዶ ፓውሎዚ በ1980ዎቹ ግድግዳዎቹን 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ በሚሸፍን ሞዛይክ አልብሷቸዋል። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ የብርጭቆ ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ሳክስፎን፣ ጥርሳም የማሽን ጎማና ቢራቢሮ ይሠራሉ። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። ከላይ ያለው ሰፈር በሙዚቃ መሣሪያና በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ይታወቅ ነበርና፣ መንገደኛው ገና ከባቡር ሳይወርድ የደረሰበትን ሰፈር ያውቅ ነበር።

የእድሳቱ ነዳፊዎች የትኬት አዳራሹን ስድስት እጥፍ አሰፉት፤ አሳንሰርና አዳዲስ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎችም ጨመሩ። በባቡር መሳፈሪያዎቹ ዳር ያሉት ሞዛይኮች በአብዛኛው ተረፉ። ዋሻው ካልተነካ ግድግዳውም አይነካምና! የተጎዳውን ለመሙላት ባለሙያዎቹ ከነባሩ ጋር በቀለም የሚመሳሰል ብርጭቆ መፈለግ ነበረባቸው።

ፈተናው የመጣው ከተንቀሳቃሽ ደረጃው በላይ በነበሩት የሞዛይክ ቅስቶች ላይ ነው። አዲሱ ንድፍ ቦታ አልተወላቸውም። በ2015 መጀመሪያ ሲፈርሱ የቅርስ ተቆርቋሪዎች ፊርማ አሰባሰቡ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። የተረፈው ስብርባሪ ፓውሎዚ ወደተማረበት ኤድንብራ ተልኮ ለጥናት ዋለ።

ፈረንሳዊው የሥነ ጥበብ ባለሙያ ዳንኤል ቡረን ደግሞ በአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ክብና ባለ አራት ማዕዘን ቅርጾችን ከጥቁርና ነጭ ሰንበር ጋር አዋሕዶ ሠርቷል። ያምራል፤ ሰፊውን ቦታም ይገዛዋል። ይሁንና ስለ ሰፈሩ ምንም አይነግርም፤ የትኛውም ከተማ ጣቢያ ላይ ቢለጠፍ ያው ነው።

በርግጥ ጣቢያ ሙዚየም አይደለም፤ ቅስት ለማዳን ሲባል ሰው እንዲጨናነቅ መፍረድ አይቻልም። ስህተቱ ማስፋቱ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የቅስቶቹ ዕጣ ከሕንፃው ንድፍ ጋር እኩል በወረቀት ላይ ሊወሰን ሲገባው፣ ክርክሩ የጋለው መዶሻው ከተነሣ በኋላ ነበር። የኤልዛቤት መስመር በግንቦት 2022 አገልግሎት ሲጀምር መንገደኛው ሰፊ አዳራሽ አገኘ፤ ቅስቶቹ ግን ተሰባብረው ኤድንብራ ቀርተዋል።