ከገደሉ ሥር ያለው የሐረር በር

የሐረር ታሪክ ሲጻፍ የጀጎል ግንብና አምስቱ ጥንታዊ በሮቹ ሰፊ ቦታ ይይዛሉ፤ ለከተማዋ ንግድ ከእነዚህ ያላነሰ ወሳኝ የነበረው በር ግን ከግንቡ ርቆ፣ የሐረርጌ ደጋ ወደ ቆላው በሚቆረጥበት ገደል ሥር የሚገኘው ነው። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ ጀልዴሳ ሲደርስ ጭነቱን አራግፎ፣ ዳገቱን በሚችሉት በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ያዛውር ነበር፤ ቁልቁል የሚወርደው የሐረር ቡናም ግመል የሚያገኘው እዚያው ነበር። ጭነት የሚለዋወጥበት ይህ ሥፍራ በየዘመኑ ስሙንና ማጓጓዣውን ቢቀይርም ከተራራው ግርጌ አልወጣም።

ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ፣ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የምድር ባቡር ውል የሐዲዱን የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር የሚዘረጋ አድርጎት ነበር። ለስላሳ ሐዲድ ላይ የሚሽከረከር የብረት ጎማ በየ100 ሜትሩ ከ3 ሜትር በላይ የሚያሻቅብ ዳገት ሲገጥመው ጭነት መጎተት ይሳነዋልና፣ ደጋውን መውጣት የሚጠይቀው ወጪና ድካም ዕቅዱን አስለወጠው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከገደሉ በታች ባለው ሜዳ ደረሰ፤ በዚያ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏም በማን ፈንታ እንደቆመች ይናገራል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ ዳገት ከእንግዲህ እንቅፋት መሆኑ የሚያበቃ ሊመስል ይችል ነበር። ሐረር ግን የአውሮፕላንን ኃይል በከፋ መልኩ ያየችው መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። በሰላሙ ዘመን ደግሞ የመንገደኛው አውሮፕላን ያረፈው እንደ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ነው።

ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም፤ እንደ ባቡሩ ሁሉ አውሮፕላንም ለመውረድ ረጋ ያለ ተዳፋት ይሻል። በመሣሪያ የሚደረግ አቀራረብ የሚባለው፣ ደመና ምድሩን ቢሸፍንም አብራሪው የራዲዮ ጣቢያ ምልክትንና የከፍታ መለኪያን እየተከተለ፣ አስቀድሞ በካርታ በተሠመረ መስመር ወደ መንደርደሪያው የሚወርድበት ሥርዓት ነው። የተለመደው የአወራረድ ማዕዘን 3 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህም በየ100 ሜትር አግድም ጉዞ 5 ሜትር ያህል መውረድ ማለት ነው፤ 4.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ 5.5 ዲግሪ በሆነበት በለንደን ሲቲ፣ ለአውሮፕላኑም ለአብራሪውም ልዩ ፈቃድ ይጠየቃል። የድሬዳዋ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ በስተደቡብ ያለው የደንገጎ ጫፍ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በተራራማ አገር ከጫፉ በላይ 600 ሜትር ያህል ክፍተት ይጠበቃል ቢባል፣ በ3 ዲግሪ ከዚያ ከፍታ ወደ ማረፊያው ለመውረድ ከ27 ኪሎ ሜትር በላይ ያስፈልጋል፤ ገደሉ ግን ከዚህ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ከደጋው በኩል በቀጥታ ከመወርወር፣ ወደ ሽንሌ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ዞሮ ቀስ እያሉ መውረድ ይሻላል።

ከፍታው ራሱም ሌላ ዕዳ አለው። በሐረር ከፍታ፣ ማለትም በ1,880 ሜትር ገደማ፣ አየሩ ስለሚሳሳ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ ከባሕር ጠለል ይልቅ 10 ከመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል፤ በዚህ የተነሣ በዚያው ማዕዘን የሚወርድበት ፍጥነት ይጨምራል፣ ለመቆምም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል። ቦሌ ከዚህም ከፍ ብሎ እንደሚሠራ ይታወቃል፤ ለሐረር ግን ወጪውን የሚያስቀር ሜዳ ከታች ተዘርግቶ ነበር።

በ1940ዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጫት ከድሬዳዋ ወደ ኤደን ማመላለስ በጀመረ ጊዜ የጀልዴሳ ሥራ በአዲስ መልክ ቀጠለ። ጫት በሁለት ቀን ውስጥ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ከደጋው የተለቀመው ቅጠል በመኪና የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ሳይጠወልግ አውሮፕላኑ ላይ መድረስ ነበረበት። ማረፊያው ዛሬም የሚጠራው በአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ፣ በራስ መኰንን ልጅና በሐረር ገዥ ስም ነው፤ «ሐረር ሜዳ» የተባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ግን፣ ነገሩ ግራ ቢያጋባም፣ ያለው ቢሾፍቱ ነው።