በኢሜይል ውስጥ ያለው ባዶ ሳጥን

ኢሜይል ተከፍቶ ፎቶ መታየት በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፣ ዋይፋይ ይቀይራል፣ ላኪውን «እስቲ እንደገና ላክልኝ» ይላል። አንዳንዴ ጥፋቱ በእርግጥም የኔትወርክ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ምስሉን ያስቀረው ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ የተወሰነ ውሳኔ ነው። የትኛው ውሳኔ እንደሆነ ያወቀ ሰው መፍትሔውን ቶሎ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ላይ በኢሜይል ምስል መላክ የሚባል ነገር አልነበረም። ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ከተማ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ በኔትወርክ መልእክት ሲልክ የሄደው ፊደል ብቻ ነው። በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብም ይህንኑ አጸና፦ እያንዳንዱ ምልክት በ7 ቢት ይጻፋል፣ አንድ መስመርም ከ1,000 ምልክት አይበልጥም። በ7 ቢት የሚጻፉት ምልክቶች 128 ብቻ ናቸው። የፎቶ ፋይል ደግሞ 8 ቢት ይፈልጋል፤ በዚያ መስመር እንዳለ ቢለቀቅ ተበላሽቶ ይደርሳል።

ሰዎች ግን ዘዴ አላጡም። ደንቡ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት ሜሪ አን ሆርተን በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩዩኤንኮድ የተባለ ፕሮግራም ጽፋ ነበር። ፕሮግራሙ ማንኛውንም ፋይል ወደ ተራ ምልክቶች ይለውጣል፤ ተቀባዩ በበኩሉ መልሶ ይፈታዋል። ነገር ግን ዜሮን የሚወክለው ምልክት ክፍት ቦታ ነበር። በመንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ ኮምፒውተሮች በመስመር መጨረሻ ያገኙትን ክፍት ቦታ እንደ ትርፍ ቆጥረው ይቆርጡታል። ፎቶው ደረሰ ይባላል፣ አይከፈትም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኒው ጀርዚ ቤልኮር ይሠራ በነበረው በናትናኤል ቦረንስታይንና በካሊፎርኒያው በኔድ ፍሪድ እጅ ነው። ቦረንስታይን ሰዎች በኢሜይል ፎቶ መላክ ምን ይጠቅማል እያሉ ሲጠይቁት፣ አንድ ቀን የልጅ ልጆች ይኖሩኛል፣ ፎቷቸውን በኢሜይል ማየት እፈልጋለሁ ብሎ ይመልስ ነበር። ማርች 11 ቀን 1992 እሱና ሦስት ዘፋኝ ጓደኞቹ ያሉበትን ፎቶ፣ ከዘፈናቸው ድምፅ ጋር አድርጎ ላከ። ማይም የተባለው አሠራር በዚያው ዓመት ጁን ላይ በሰነድ ወጣ።

የማይም ብልሃት ቤዝ 64 ይባላል። ፋይሉ ሦስት ሦስት ባይት እየተደረገ ይወሰዳል፤ ሦስት ባይት 24 ቢት ነው። 24ቱ ቢት ለስድስት ስድስት ሲከፈል አራት ክፍል ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ከ64 ምልክቶች አንዱ ይሰጠዋል። ምልክቶቹ የተመረጡት በየትኛውም ኮምፒውተር ቢያልፉ እንዳይለወጡ ታስቦ ነው፤ ክፍት ቦታ በመካከላቸው የለም። በዚህ መንገድ የተጻፈ የጄፔግ ፎቶ ምንጊዜም በእዝባር፣ በ9፣ በትንሿ ጄ እና በሌላ እዝባር ይጀምራል። ማይምን የማያውቅ ፕሮግራም የያዘ ተቀባይ የሚያየው ከዚያ ተነሥቶ ገጽ ከገጽ የሚወርድ ትርጉም አልባ የፊደል ክምር ነበር። ሌላም ዋጋ አለው፤ ሦስቱ ባይት አራት ስለሚሆን 300 ኪሎባይት የነበረው ፎቶ 400 ይሆናል።

ያ ጭማሪ ለአዲስ አበባ ቀላል አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ ኢሜይል ያገኙ ሰዎች የተጠቀሙት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት የዘረጋውን አገልግሎት ነበር። መልእክት ተጠራቅሞ በስልክ መስመር፣ በሞደም ይተላለፋል። በሰከንድ 9,600 ቢት በሚያሳልፍ ሞደም 400 ኪሎባይት ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው።

በእነዚያው ዓመታት ኢሜይል የድረ ገጽ መልክ ያዘ። ምስል የሚታይበት መንገድም ሁለት ሆነ። አንደኛው ምስሉን ከመልእክቱ ጋር አሽጎ፣ መለያ ሰጥቶ መላክ ነው፤ መለያው ካልገጠመ ምስሉ ከቦታው ይጠፋና ከታች እንደ አታችመንት ብቻ ይገኛል። ሁለተኛው የምስሉን አድራሻ ብቻ መላክ ነው፤ ኢሜይሉ ሲከፈት ምስሉ ከላኪው ሰርቨር ይመጣል።

ክፋት የገባው በሁለተኛው በኩል ነው። ማስታወቂያ ላኪዎች ለእያንዳንዱ ተቀባይ የተለየ ስም ያላት፣ በዓይን የማትታይ የአንድ ፒክስል ምስል ማስገባት ጀመሩ። ተቀባዩ ኢሜይሉን ሲከፍት ምስሏ ከሰርቨሩ ትጠራለች፤ ሰርቨሩም ማን በስንት ሰዓት እንደከፈተ ይመዘግባል። አይፈለጌ መልእክት የሚበትኑ ሰዎች የትኛው አድራሻ ሰው እንዳለበት ያወቁት በዚህ ነው። የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሆነው አውትሉክ 2003 ከውጭ የሚመጣን ምስል በሙሉ ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር አላሳይም አለ። ብዙዎችን ያስቆጣው ቀይ ኤክስ ያለበት ሳጥን ተገቢ ጥበቃ ነበር።

የአውትሉክ 2007 ውሳኔ ግን እንዲያ ሊመሰገን አይችልም። ማይክሮሶፍት ኢሜይሉን የሚያሳየውን ክፍል ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ወደ ወርድ ቀየረው። ከጽሑፍ ጀርባ የሚቀመጡ ምስሎች ጠፉ፣ ተንቀሳቃሽ ጊፎችም በመጀመሪያው ቅጽበታቸው ላይ ደርቀው ቀሩ። በ2009 በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በትዊተር ቢቃወሙም ኩባንያው በወርድ እንደሚቀጥል አስታወቀ።

ጂሜይል ዲሴምበር 2013 ላይ ሌላ መንገድ ያዘ። ምስሉን የጉግል ሰርቨር ሄዶ ያመጣዋል፤ የተቀባዩ ኮምፒውተር ከላኪው ጋር አይገናኝም። አፕልም በ2021 ተመሳሳይ ጥበቃ አመጣ። በዚህ የተነሣ በመሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክ ወይም ከይለፍ ቃል ጀርባ የተቀመጠ ምስል በጂሜይል አይታይም፤ ላኪው በራሱ ኮምፒውተር አሳሽ ሲሞክረው ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። የምስሉ አድራሻ የላኪውን ሃርድ ዲስክ የሚጠቁም ሲሆንም ያው ነው፤ ለሱ ይታየዋል፣ ለሌላ ለማንም አይታይም። ስለዚህ ጉዳዩን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት አድራሻውን ነው። ሊንኩን ላኪው ባልገባበት ስልክ፣ በሞባይል ዳታ መክፈት ብዙውን ጊዜ መልሱን ይሰጣል። እዚያም ከተከፈተ ወደ ተቀባዩ ፕሮግራም የምስል ፈቃድ መሄድ ነው።

በአማርኛ ለሚጻጻፉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ፎንት ለሌለው ሰው በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ይደርስ ስለነበር ጽሑፉን በምስል መልክ መላክ አንዱ መውጫ ነበር። ዛሬ ምክንያቱ ቀርቷል፤ የሠርግ ጥሪና የዕድር ማስታወቂያ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ በአንድ ምስል ላይ ሰፍሮ ይላካል። ምስሉ በታገደበት ስልክ ላይ እንግዳው ቀኑንም አዳራሹንም አያይም። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ከምስሉ በታች በፊደል ቢጻፍ የትኛውም ፕሮግራም ያሳየዋል።