አሮጌ ኮምፒዩተርና የአገራችን ዜማ

ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚመሰክረው የሰንጋ ገበያ የነበረበት ሥፍራ ነው። ዛሬ ግን የባንኮች ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል፤ ውስጣቸውም በኮምፒዩተር የተሞላ ነው። የእርሻ በሬ ሲያረጅ ከቀንበር እንደሚፈታ ሁሉ ኮምፒዩተርም ዕድሜው ሲገፋ ከጠረጴዛ ወርዶ ዕቃ ቤት ይገባል። በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤትም አቧራ የለበሱ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ይገኛሉ። ዘንድሮ ሊጣሉ ነው የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ እኔና ሁለት ጓደኞቼ መምህራችንን አስፈቅደን አንዱን አስነሣንና የዜማ መሥሪያ ፕሮግራም ጫንንበት። ብዙዎች ግን በዚህ አሮጌ ዕቃ ምን ዜማ ይሠራል እያሉ ሳቁብን። መልሱን ከታሪክ ለመፈለግ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ዜማ ያሰማው ለዜማ ተብሎ ተሠርቶ አይደለም። በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የተሠራውና በኋላ «ሳይራክ» ተብሎ የተጠራው ትልቅ የሒሳብ መኪና ወደ 2000 የሚሆኑ ቫልቮች ነበሩት፤ የማስታወስ ችሎታው ግን ወደ 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ የሥራውን አካሄድ በጆሮ እንዲከታተሉ ድምፅ ማጉያ ተገጥሞለት ነበር። ጄፍ ሂል የተባለው ሰው ይህን ድምፅ ማጉያ አይቶ አንድ ነገር አሰበ። ወደ ድምፅ ማጉያው በአንድ ሴኮንድ 440 ጊዜ ትርታ ቢላክ ጆሮ አንድ የታወቀ ድምፅ ይሰማል፤ ቍጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲቀንስ ይወፍራል። በዚህ ዘዴ መኪናው በ1951 በሕዝብ ፊት ዜማ አሰማ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኮምፒዩተር በክሪስቶፈር ስትሬቺ ፕሮግራም ዜማ ሲጫወት ቢቢሲ ቀረጸው፤ ቅጂውም እስከ ዛሬ ይሰማል።

ከዚህ ቀጥሎ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማክስ ማቲውስ በ1957 «ሙዚክ» የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። የእርሱ ሐሳብ ማናቸውም ድምፅ በቍጥር ሊገለጽ ይችላል የሚል ነበር። ኮምፒዩተሩ ቍጥሮቹን አስልቶ በቴፕ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ሌላ መሣሪያ ቍጥሮቹን ወደ ድምፅ ይለውጣል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው የመጀመሪያው ዜማ ርዝመቱ 17 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ በየስልካችን የምንሰማው ሙዚቃ ሁሉ የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

የዚያን ዘመን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ አንድ ሰው ነበር። እርሱም የግብፅ ተወላጅ የሆነው ሐሊም ኤል ዳብ ነው። ሐሊም ገና በ1944 በካይሮ ከተማ የዛር ሥርዓት ዜማ በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ ድምፁን በመሣሪያ እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አውጥቶበታል። በኋላም በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቷል፤ በዚያም በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ታላቅ የድምፅ መሥሪያ መኪና ቆሞ ነበር። ይህ ሰው በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሲመጣ ግን መኪናውን አላስመጣም። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና በገና የሚጫወቱትን ሰብስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በዘመኑ የነበረውን የረቀቀ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ የአገሩን ባለሙያዎች ጆሮ መፈለጉ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር እያነሰና እየረከሰ ሄዶ ከየቤቱ ገባ። በ1983 ሚዲ የተባለው ስምምነት ወጥቶ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩ ቻሉ። በ1987 ደግሞ ካርስተን ኦባርስኪ የተባለ ጀርመናዊ አሚጋ ለተባለው ኮምፒዩተር «አልቲሜት ሳውንድትራከር» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። አሚጋ በአንድ ጊዜ 4 ድምፅ ብቻ ያሰማ ነበር። ፕሮግራሙ አጫጭር የተቀረጹ ድምፆችን ይይዛል፤ ደራሲው ደግሞ የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚሰማ በፊደልና በቍጥር ከላይ ወደ ታች ይጽፋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጀ ይነገራል። በብራናው ላይ ከቃሉ በላይ የተጻፉ አንድ ሁለት ፊደሎች መሪጌታው በቃሉ የሚያውቀውን ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል። ሁለቱም በጠባብ ሥፍራ ብዙ ዜማ የማኖር ጥበብ ናቸው።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ታሪክ ተካፋዮች ነን። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ከተቀመጠ በኋላ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከከበሮ ማሽንና ዲኤክስ 7 ከተባለው የያማሃ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጣ። ዲኤክስ 7 ድምፁን በቍጥር እያሰላ የሚያወጣ፣ ራሱ እንደ ኮምፒዩተር የሚቆጠር ነው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በውጭ አገር ብዙ አድማጭ አገኘ። መሣሪያዎቹ ካረጁ በኋላ ዜማው እንደገና አዲስ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቃ ቤታችን ልመለስ። ያስነሣነው ኮምፒዩተር ያለው 64 ሜጋባይት ነው፤ 4 ጊጋባይት ያለው የዛሬ ስልክ በ64 እጥፍ ይበልጠዋል። የጫንንበት «ፋስትትራከር 2» የተባለው ፕሮግራም በ1994 በስዊድን አገር የወጣ ነው። የክራር አንድ ክር ቀርጸን ሌሎቹን ድምፆች ከእርሱ እንዲያወጣ አዘዝነውና ትዝታን ጻፍንበት። ሲጫወት ግን ክራሩ እንግዳ ሰው የሚመታው ይመስል ነበር። እኛም ጥፋቱን በማሽኑ እርጅና አሳበብን። በሠፈራችን ክራር የሚመቱ አንድ ጋሼ መጥተው ሲሰሙት ግን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አስረዱን። ፕሮግራሙ የሚያውቀው በ12 እኩል ደረጃ የተከፈለውን የፒያኖ ድምፅ ነው፤ ክራር ግን በጆሮ የሚቃኝ ስለሆነ ሁልጊዜ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ቀረጽን። ፕሮግራሙ አንዱን ግማሽ ድምፅ በ128 ደቃቅ ደረጃ የሚከፍል ማስተካከያ ስላለው ጋሼ እያዳመጡ እኛ ቍጥሩን እየለወጥን አራት ከሰዓት በኋላዎች ፈጀን። በመጨረሻው ቀን ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም ከማሽኑ ጋር አብረው መቱ።

ከዚህ የተማርነው ግልጽ ነው። በ2 ኪሎባይት ዜማ ከተሰማ በ64 ሜጋባይት አይሰማም ማለት አይቻልም። ማሽን ያልነገሩትን አያውቅም፤ አሮጌውም አዲሱም በዚህ እኩል ናቸው። ቅኝታችንን የማናውቅ ከሆነ እጅግ ውድ የሆነው ኮምፒዩተር ዜማችንን የሌላ ያደርገዋል፤ ካወቅነው ግን የተጣለውም ያገለግለናል። ስለዚህ የተከበሩ መምህሮቻችንን በትሕትና የምንለምነው ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ከመጣላቸው በፊት ሦስት ወይም አራቱ ለሙዚቃ ክፍል እንዲሰጡልን ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ የቃኘነው ክራር ግን በዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ታናናሾቻችንን ይጠብቃል።